ባትሪ የበላው ሰላምታ

«ቤያቲ ቮይ!» አሉኝ ሲኞራዬ፣ ቦሌታቸውን፣ የመብራት ሂሳብ መጠየቂያውን፣ እንደ ማራገቢያ እያወዛወዙ። ታድላችኋል ማለታቸው ነው። «እናትሽ መንደር መብራት የለም አላልሽኝም? እንግዲያው ቦሌታ የሚባል መዓትም የለም። ታድላችኋል እናንተ!»

ሐምሌ ነው። የሮም ሙቀት አናት ይበሳል። እኔ ማዕድ ቤት ቆሜ ምሳቸውን እያቀረብኩ ነው። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ኮሪደሩ ላይ አምፖል በርቷል። ለማን ቢባል፣ ለድመቷ። ድመቷ አርጅታ ዓይኗ ስለደከመ ከግድግዳ ጋር እንዳትጋጭ ተብሎ ያ አምፖል ቀንም ሌትም አይጠፋም። የእሱን ዋጋ ሲከፍሉ ነው እንግዲህ ሲኞራ እኛን «ታድላችኋል» የሚሉን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ክፉ ሴት አይደሉም። ኤስኲሊኖ ያለው ቤታቸው ውስጥ ዓመታት አብረን ውለናል፤ የሚቆጣው ምላሳቸው እንጂ ልባቸው አይደለም። ያን ሰሞን ግን የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ቅዳሜ አልፎ ነበር። ስልኳ ዝግ ነው። በደወልኩ ቁጥር ያቺ ድምፅዋ የተቀዳ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች፤ እኔም እንደምትሰማኝ ሁሉ እሰድባታለሁ። እና ሲኞራ ታድላችኋል ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

«ሲኞራ፣» አልኳቸው፣ «እናቴ መብራት የምታገኘው በድንጋይ ነው! እሱንም ከእርስዎ አምፖል አስበልጣ ከፍላበት!»

ድንጋይን ቃል በቃል ነው ወደ ጣልያንኛ የገለበጥኩት፤ በንዴት ላይ ማን ቃል ይመርጣል። ሲኞራ ሹካቸውን አስቀመጡ። ድንጋይ ከድንጋይ እያፋጨን እሳት የምናወጣ መስሏቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጭነው «ፖቬሪና!» አሉ። ምስኪን ማለት ነው። ላስረዳ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምግቡም እየቀዘቀዘ ነበር።

እናንተ ግን ድንጋይ ስል ይገባችኋል። የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ውስጥ የሚገባውን ነው የምለው። ስሙን ያወጣለትን ሰው አላውቀውም፤ ነገሩ ግን ገብቶታል። ካለቀ በኋላ ድንጋይ ነው፤ አይበላ፣ አይነድ፣ አይተከል። የእናቴ ዶሮዎች የሚጥሉትን እንቁላል እዚያ ቤት ቀምሶ የሚያውቅ የለም። እንቁላሉ ገበያ ይወርዳል፣ ድንጋይ ሆኖ ይመለሳል። አዲሱ ድንጋይ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ውስጥ ይገባል። ሲደክም ወደ ሬዲዮው ይዛወራል። ሬዲዮው ማንሾካሾክ ሲጀምር ደግሞ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ተብሎ። ጥርስ ያለው ይነክሰዋል፤ ሲነከስም ትንሽ ይሠራል ይባላል። ልጅ ሆኜ እኔም ነክሻለሁ፤ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ከማሳችን በላይ ደግሞ ትልልቅ የብረት ምሰሶ ተተክሎ የመብራት ሽቦ ያልፋል። ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ አናውቅም። እኛ ዘንድ ብቻ አይወርድም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። እናቴ ከሥሩ ቁጭ ብላ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች።

ይሄን ሁሉ ተዉት። እኔን አንጀቴን ያሳረረኝ የሰላምታዋ ነገር ነው።

እናቴ በሰላምታ የታወቀች ሰው ናት። እኛ ጎጃም ሰላምታ የሚቸኮልበት ነገር አይደለም፤ የእሷ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሰው ከወንዙ ማዶ ብቅ ሲል ትጀምረዋለች። እንዴት ሰነበታችሁ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ያዘላችሁ? ያ ታሞ የነበረው ቆመ? ያቺ እርጉዟ ተገላገለች? ሰውዬው አልፎ ኮረብታውን እስኪወጣ ከኋላው ትጠይቀዋለች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የዚህች ሴት ሰላምታ ሳያልቅ ሰዉ ያረጃል» ይላት ነበር።

ሮም በመጣሁበት ሰሞን ስልክ ሲገባላት፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካሉት የሐበሻ ሱቆች የምገዛው የስልክ ካርድ በሰላምታዋ ያልቅ ነበር። ጉዳይ የሚባለውን ሳንነካው። እኔም ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሀል አድርጌ የሰው ቤት እየወለወልኩ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። በእውነቱ እሱን ሰምቼ ነው ሳምንቱን የምገፋው።

ከዚያ የሆነ ጊዜ ላይ ሰላምታዋ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ ከብቱ ቀረ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ቀረ። በመጨረሻ «አለሁ፤ አለሽ? በይ ደህና ሁኚ» ብላ ጧ! ትዘጋዋለች። ተቀየመችኝ ብዬ ስንት ቀን ሳሰላስል ከረምኩ! ምን አድርጌ ይሆን? ያላኩት ነገር አለ? አብሯት የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን አንድ ቀን መስመር ላይ አግኝቼ ስጨቀጭቀው ሳቀብኝ። «ምን ትቀየምሻለች! ባትሪ ቆጥባ ነው እንጂ» አለኝ።

እዚያ ቤት ያለው ስልክ የእሷ አንዱ ብቻ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ቅዳሜ ገበያ፣ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ነው። ባለሱቁ ጣራው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ከሥሩ የመኪና ባትሪ አስቀምጦ፣ የአገሩን ስልክ ሁሉ ይሰካዋል። እንዳይምታታበት በየስልኩ ጀርባ ፕላስተር ለጥፎ ስም ይጽፋል። ወረፋ ሲበዛ ግማሽ ሞልቶ ይመልሳል፤ ሙሉውን ግን ያስከፍላል። ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሌላ የት ይኬዳል? ያ ግማሽ ባትሪ ነው እንግዲህ እስከ ሌላው ቅዳሜ የሚያደርሳቸው፤ ስልክም እሱ፣ በረት ሲታይ መብራትም እሱ። እናቴ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነገር ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው ሰላምታዋን ነው።

ወንድሜ አንድ ጊዜ እፎይ አሰኝቶን ነበር። በየወሩ እየከፈሉ የሚወሰድ የፀሐይ ሳጥን አመጣ። ሰሌዳው ጣራ ላይ ይሰቀላል፣ ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሦስት አምፖልና የስልክ መሰኪያ አለው። የሻጮቹ ሰው ወረዳው ከተማ ቢሮ አለው፤ የሚከፈለው እሱ ዘንድ ነው። ያን ዓመት የእናቴ ሰላምታ ተመለሰ! ከብቱም መጣ፣ ጎረቤቱም መጣ፣ ጭራሽ የሲኞራን ድመት መጠየቅ ጀመረች። «ያቺ ዓይኗ የደከመው ድመትስ እንዴት ናት?» ትለኛለች። ማታ ማታ በትሬኒኖ፣ በትንሿ ባቡር፣ ወደ ቤቴ ወደ ቶር ፒኛታራ ስመለስ ሰዉ እስኪያፈጥብኝ ድረስ እየጮኽኩ አወራታለሁ። ያፍጥ፤ እኔ ምን ቸገረኝ።

ከዚያ ክረምት ገባና ስልኩ ዝም አለ።

አብራኝ የምትኖረው የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሥጋ እህቴ እንዲህ አትሆነኝም። በመጀመሪያው ቅዳሜ «ኔትወርክ ነው ባክሽ! እንዴ፣ ይሄም ያስለቅሳል?» ብላ አሾፈችብኝ። በሁለተኛው «ዝናቡ ነው» አለች። በሦስተኛው ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ደወለች። የጎረቤታችንን ቁጥር ሞከርኩ፤ ዝግ። የነፍስ አባታችንን ሞከርኩ፤ ዝግ። አገሩ በሙሉ ዝግ ነው።

የእኛን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ከአገር ቤት እዚህ ላለ ዘመድ ይደወላል፣ እሱ ለማኅበርተኛው ይናገራል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ነጠላቸውን ለብሰው መጥተው በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ያውቃል፤ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አታውቅም። ስለዚህ ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከሥዕሉ ይልቅ የማየው የሰዉን ዓይን ነበር። አንዷ ፈገግ ስትልልኝ አዝናልኝ ነው እላለሁ። ሌላዋ ሳታየኝ ስታልፍ ደብቃኝ ነው እላለሁ። አንዲት ሴትዮማ «ከሳሽ እኮ» ብትለኝ እዚያው ልፈነዳ ደረስኩ።

እሑድ ማለዳ ቺቶፎኖው፣ የታችኛው በር ደወል፣ ጮኸ። በመስኮት ወደ ታች ባይ የማኅበራችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። 

ምን እጠብቃለሁ? «እናቴን! እናቴን!» እያልኩ በሌሊት ልብሴ ደረጃውን ወረድኩት። እግሬ የት እንደረገጠ አላውቅም። በሩን የከፈትኩት ደረቴን እየመታሁ ነው። አባባ ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። ሴቶቹ ግን እኔን ሲያዩ በአንድ ጊዜ «ወይኔ እህቴ! ወይኔ!» ብለው ተቀበሉኝ። አቀፉኝ፣ አለቀሱ፤ አንዷማ ከእኔ ብሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እነሱ ሲያለቅሱ እኔም ጥርጣሬ የሚባል ነገር ጠፋልኝ። በቃ፣ እውነት ነው። እናቴ ሞታለች።

ፓላዞው፣ ፎቁ በሙሉ፣ ተነሣ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ባንግላዴሾች ውሃ ይዘው ወጡ። ከላይ አንዲት ጣልያን በመስኮት ብቅ ብላ «ባስታ! በቃ! ዛሬ እሑድ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ነጩን ልብስና ለቅሶውን ስታይ አማተበችና መስኮቷን ቀስ አድርጋ ዘጋች። እኔ «ድምፅሽን እንኳ ሳልሰማ! ሳትሰናበቺኝ!» እያልኩ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፣ የሦስት ቅዳሜው ሁሉ ወጣ።

መጨረሻ ላይ አባባ እጄን ያዙና «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መቼ ነው የሰማሽው?» አሉኝ።

«እንዴት መቼ ሰማሽ ይሉኛል? እርስዎ አይደሉም እንዴ ሊያረዱኝ የመጡት?»

አባባ ሴቶቹን አዩ። ሴቶቹ አባባን አዩ።

«እኛማ፣» አሉ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛማ ለድስቱ ነው የመጣነው።»

የማኅበሩ ትልቁ ድስት የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው። የዚያን ቀን ክርስትና ነበር። ከቅዳሴ በፊት መጥተው እንደሚወስዱት ለአብሮ አደሬ ነግረዋታል፤ እሷ ረስታዋለች። እኔ መርዶ ይዘው መጡ ብዬ አለቀስኩ፤ እነሱ መርዶ ሰምታ ነው ብለው አለቀሱ። ሞተች ያለ አንድም ሰው የለም! መሬት ላይ የተቀመጠችው ሴት ወገቧን ይዛ ተነሣችና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሆዴን እኮ ቆረጥሽው!» ብላ ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ። ደግ ሴት ናት።

መሳቅ ነበረብን። አልሳቅንም፤ በሕይወት አለች የሚልም ሰው አልነበረማ። ድስቱን አውጥተን ሰጠናቸው።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። ከመካከላቸው አንዷ ገና እያለቀሰች ለሰው ደውላ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ በር ላይ ቆማ «አልሞቱም፤ ማለት አናውቅም፤ ግን አልሞቱም ይሆናል» እያለች ታስረዳለች። ሰው ደግሞ ዳቦና ምስር ይዞ መጥቶ እንዴት ይመለሳል? ገብቶ ይቀመጣል። ከመጡት አንዱ እዚህ ሮም ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የሚሠሩ ዶክተር ናቸው። ጨዋ ሰው፤ ለማንም ለቅሶ ይደርሳሉ። ነገሩን ሲጠይቁኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ድንጋዩን፣ ባለሱቁን፣ ሳጥኑን፣ የሰላምታውን ማጠር።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይታወቃል፣» አሉ። «ከመብራት ሁሉ ውዱ የድሃ መብራት ነው። እዚህ በሽቦ የሚመጣልንን ከድንጋዩ ጋር ብታስተያዪው ዋጋቸው አይገናኝም። ትንሽ ያለው ነው ብዙ የሚከፍለው።»

«ይታወቃል?» አልኩ።

«በደንብ እንጂ።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሁሉም ያውቀዋል። ስንት ጊዜ ተጠንቷል።»

እኔ እስከዚያ ቀን የማይታወቅ ነበር የሚመስለኝ! የሚያውቅ ሰው ቢገኝ በማግሥቱ የሚስተካከል ነገር ይመስለኝ ነበር። ሞኝ አትሉኝም? «ታዲያ ካወቃችሁት ምን ትላላችሁ?» አልኳቸው።  አብሮ አደሬ ከኋላ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ዶክተሩ አልተቆጡም። ሻያቸውን አስቀመጡና፣ «ማለቱንስ እንላለን፤ ሁልጊዜ እንላለን» አሉ። ለአፍ ዳገት የለውም ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ በስንት ትግል ዋጥኩት። ሰውዬው ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት።

ሰኞ ሲኞራ ያበጠውን ዓይኔን አይተው ምን ሆነሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። በዱላቸው እየተደገፉ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ያለውን አምፖል ቀና ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ለድመቷ ነው እኮ» አሉኝ በመጨረሻ። አውቃለሁ አልኳቸው።

በአራተኛው ቅዳሜ ስደውል ጠራ።

«አለሁ፤ አለሽ?»

ደስታ ነበር መቅደም የነበረበት። የቀደመኝ ቁጣ ነው። «እማዬ! የት ነበርሽ? እኔ እኮ እዚህ አልቅሼልሻለሁ! ሮም በሙሉ ለቅሶሽን ደርሷል!»

«ብዙ ሰው መጣ?» አለችኝ።

«ቤቱ ሞልቶ ነበር። የአንደኛ ፎቅ እስላሞች ውሃ ይዘው ወጡ፤ አንዷ ሴትማ መሬት ላይ ተቀመጠችልሽ።»

«እሰይ። ያክብርልኝ። ውለታቸውን እንዳትረሺ።»

ከዚያ ነገሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። ክረምት ነው፣ እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ለሳጥኑ የሚከፈል ጠፋ። ቀኑ ሲያልፍ ሳጥኑ ራሱን ቆለፈ። ስልኩን ገበያ ወስደው እንዳያስሞሉ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለ፤ ገና ዛሬ ነው የጎደለላቸው። ይሄው ነው ነገሩ።

ራሱን ቆለፈ ስትለኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ ማንም መጥቶ አልነቀለውም። ሰሌዳው ጣራቸው ላይ ነው፤ ደመናው ሲገለጥ ፀሐይ ይመታዋል፤ ባትሪው ይሞላል። ሞልቶ ግን አይሰጥም። ተከፍሎ የምስጢር ቁጥር እስኪላክለት ድረስ እንደታፈነ ይቀመጣል። ፀሐዩ የእግዚአብሔር፣ ጣራው የእኛ፣ ቁልፉ የእነሱ! ሲኞራ ቦሌታ ቢያዘገዩ ማስጠንቀቂያ ይመጣላቸዋል፣ ሁለተኛ ይመጣላቸዋል፣ ልጃቸው ደውሎ ይከራከርላቸዋል። ድመቷ አንድ ሌሊት ጨለማ ውስጥ አታድርም። እናቴን ማን አስጠነቀቃት? ማንስ ተከራከረላት?

«ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?» አልኳት። «እኔ የለሁም?»

«እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኩ። አንቺ የሰው ቤት ደክመሽ ያመጣሽውን ሳጥን ይብላው?»

«እኔ ግን ሞትሽ ብዬ...»

«ስሚኝ ሆዴ፣ ባትሪው ሳያልቅ። ስልኬ ሲዘጋ አለሁ በይ። እኔ የሞትኩ ዕለት አገሩ ይረባረባል፣ ለቀብር ባትሪ አይጠፋም፤ ስልኩ ያን ቀን ይሞላል። ሲዘጋ አትፍሪ። ያለ ገበያ ቀን ሲጠራ ነው የምትፈሪ። በይ ደህና ሁኚ።» ጧ።

በዚያው ሳምንት ውዝፉን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ዕዳ ጠቅልዬ ከፈልኩ። ከየት አምጥተሽ አትበሉኝ። የወረዳው ሰውዬ የመጨረሻውን ቁጥር ላከ። ከእንግዲህ ሳጥኑ የእናንተ ነው፣ ማንም አይቆልፈውም ተባለ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ እልል አለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ ማክሰኞ። ሲኞራ ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ያ አምፖል አናቴ ላይ በርቶ፣ እስቲ ሳጥኑ ይሥራ አይሥራ ልወቅ ብዬ ደወልኩ። ጠራ።

ማክሰኞ እኮ ነው። ገበያ የለም። እኔው ከፍዬ ያስከፈትኩት መሆኑን እያወቅሁ ልዘጋው አሰብኩ። ያለ ገበያ ቀን ሲጠራ ነው የምትፈሪ ብላኛለች። አንዴ ጠራ፣ ደገመ፣ እኔ በሆዴ ምነው ዝግ በሆነ እላለሁ። የእናቷ ስልክ ዝግ እንዲሆን የምትመኝ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እንዴት ከረምሽልኝ ልጄ?» አለች።

እሷ ናት! ደግሞም አልዘጋችም። ቀጠለች። ሥራሽ እንዴት ነው? ሲኞራሽ እግራቸው ተሻላቸው? ድመቷስ? ያቺ አብሮ አደርሽ ደህና ናት? እነዚያ ውሃ ይዘው የወጡት እስላሞች ደህና ናቸው? ያቺ መሬት ላይ የተቀመጠችልኝ ሴትስ፣ ወገቧን አላመማትም? እኔ ግድግዳውን ተደግፌ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ እንባዬ ደግሞ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስንት ጊዜዬ ነው ይሄን ሰላምታ ሳልሰማ!

«ሳጥኑ ሠራልሽ ማለት ነዋ!» አልኳት።

«ሠራ። ግን ደክሟል። ባለሙያው መጥቶ ቢያየው ባትሪው አርጅቷል አለ። ይሞላና ቶሎ ያልቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ጭራሽ አይዝም አለ። አዲስ ባትሪ ደግሞ ከሳጥኑ ብዙም አይረክስም።»

እስቲ ፍረዱ! ሲቆልፉት ጤነኛ ነበር፤ የእኛ ሲሆን አረጀ። ከፍለን ስንጨርስ እሱም አብሮ አለቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። «እገዛልሻለሁ!» አልኳት፤ «አዲስ ባትሪ እገዛለሁ!» ጮኼ ኖሮ ሲኞራ ከመኝታ ቤት «ኬ ሱቼዴ?»፣ ምን ተፈጠረ፣ ሲሉ ሰማኋቸው።

«ተይ እሱን። አሁን ሞልቶ ሳለ የምለውን ልበል» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰሽ።»

«እማዬ፣ ገና ነሐሴ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«እንኳን ለመስቀል አደረሰሽ።»

ያኔ ገባኝ። የዓመቱን በዓል በሙሉ ልትጨርሰው ነው። ቀኑ ሲደርስ ስልኩ ዝግ ሊሆን ይችላላ! ደስ እንዲለኝ ብላ ነው፤ እኔን ግን አናደደኝ። ጤፍ ይወደድ፣ ዘይት ይወደድ፣ እሺ፤ ሰው ለልጁ በዓልን በቀኑ እንኳን አደረሰሽ ማለት ይወደድበታል? ማን ላይ ልጩኽ? ባለሱቁ ላይ? የወረዳው ሰውዬ ላይ? ዶክተሩ ላይ? እነሱም ይታወቃል ነው የሚሉኝ።

«አትመልሽም እንዴ?» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እማዬ።»

«እንኳን ለገና አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«እንኳን ለፋ...»

ተቋረጠ። እንደገና ደወልኩ። ያቺ የተቀዳች ሴትዮ ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ድመቷ የግድግዳውን ጥግ እየዳበሰች መጥታ እግሬ ሥር ተኛች። ፋሲካ ሳይባልልኝ እንዳይቀር፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለተዘጋው ስልክ። በእናቴ ሕግ ስልኳ ከተዘጋ ደህና ናት ማለት ነው።